ፎቶ ማሳመር በኢትዮጵያ፦ ከአርመኖቹ ፎቶ ቤት እስከ ማታር ክፍል

ረዘም ያለች ጽሑፍ ናት። ቡና የያዘ ይቀመጥ። ዳታ የሚቆጥብም አይስጋ፣ ፎቶ አላያያዝኩባትም።

ተማሪን ፎቶ ኤዲቲንግ ማስተማር ከየት ይጀምራል? መጽሐፉን ብትጠይቁት መልሱ ደረቅ ነው። የቀድሞው የመሰናዶ አይሲቲ መጽሐፍ ስለ ኢሜጅ ፕሮሰሲንግና መልቲሚዲያ አንድ ምዕራፍ ነበረው፤ ፒክስል ምንድን ነው፣ ሬዞሉሽን ምንድን ነው፣ ቀይ አረንጓዴና ሰማያዊ ሲደባለቁ ምን ይወጣል፣ እያለ ይሄዳል። ዩቲዩብን ብትጠይቁት ደግሞ «ክሮፕ አድርግ፣ ብራይትነስ ጨምር፣ ፊቱን አጥራ» ይላችኋል። እኔ ማታር ላይ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ ግን የምነሳው ከታሪክ ነው። ለምን ቢባል፣ ያቺ ሦስተኛዋ ትእዛዝ፣ «ፊቱን አጥራ» የምትለዋ፣ እዚህ ሌላ ትርጉም አላት። ወደ እሷ እመጣለሁ።

ማታርን ለማታውቁ፦ ጋምቤላ ክልል፣ ኑዌር ዞን፣ ዋንቱዋ ወረዳ። ከደቡብ ሱዳን ጋር የምንዋሰንበት ጫፍ ነው። ስሟን ሰምታችሁ ከሆነ ምናልባት በ2006 ዓ.ም. የደቡብ ሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ ይሆናል፤ ስደተኛው በፓጋክ፣ በቡርቤይ፣ በአኮቦና በማታር በኩል ሲገባ፣ ከዚህም በጀልባ በባሮ ወደ ኢታንግ ሲወሰድ። የአብዛኛው ነዋሪ ቋንቋ ኑዌርኛ ነው፤ የክልሉ የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። እኔም በአማርኛ አስተምራለሁ፣ እነሱ በኑዌርኛ ይወያያሉ፣ ስልኩ ደግሞ በእንግሊዝኛ ያዘናል። እንግዲህ ትምህርቱ በሦስት ቋንቋ ነው።

ወደ ታሪኩ።

ካሜራ አገራችን የገባው በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ነው። ሄንሪ ስተርን የሚባለው ሚስዮናዊ ካሜራ ይዞ መጥቷል፤ በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ ዘመቻ ደግሞ የእንግሊዝ ጦር መሐንዲሶች መንገዱንም፣ ምሽጉንም፣ የተፈቱትን እስረኞችም አንስተዋል። የሚገርመው፣ ቴዎድሮስ ራሳቸው በሕይወት እያሉ የተነሱት የታወቀ ፎቶ የለም። ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ግን እንግሊዝ ከተወሰደ በኋላ በጊዜው ስሟ በገነነው በጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ተነስቷል። ስለዚህ «የአፄ ቴዎድሮስ እውነተኛ ፎቶ» የሚል ፖስት ስታዩ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ቆም በሉ። በተለይ ቀለም የተቀባ ከሆነ።

በምኒልክ ዘመን ሙያው የአርመኖች ሆነ ማለት ይቻላል። ቤድሮስ ቦያጂያን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ አዲስ አበባ መጥቶ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒም በዚያው ሙያ ቤተ መንግሥቱን አገልግለዋል። ዛሬ በየመጽሐፉ የምናየው የዚያ ዘመን የንጉሣውያን ምስል ብዙው የእነሱ ቤት ሥራ ነው።

እዚህ ላይ ተማሪዎቼን የምይዝበት አንድ ነገር አለ። ያን ጊዜ ኤዲቲንግ እንዴት ነበር የሚሠራው? በእርሳስ ነው። በጣም በሾለ እርሳስ፣ ነጋቲቩ ላይ። ነጋቲቭ የተገለበጠ ነው፤ ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ። እርሳስ የነካው ቦታ ብርሃን ይከለክላል፣ ብርሃን ያልደረሰው ወረቀት ደግሞ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ነጋቲቩ ላይ የፊት መጨማደድን በእርሳስ ሞላ ሞላ ብታደርጉት፣ ሲታተም መስመሩ ጠፍቶ ቆዳው ነጣ ብሎ ይወጣል። ማጥቆር ብትፈልጉስ? ያ ከባድ ነው፤ በስለት መፋቅ ይጠይቃል፣ እጃችሁ ትንሽ ከሳተ ነጋቲቩ ተበላሸ። እንግዲህ ከመጀመሪያው ጀምሮ መሣሪያው ራሱ ወደ አንድ ጎን ያዘመመ ነበር። ማንጣት ቀላል፣ ማጥቆር አስቸጋሪ። ማሳመርና ማንጣት አንድ የመሰሉት በሰው ልብ ብቻ አይደለም፣ በእርሳሱም ጭምር ነው።

በዚያ ላይ የጥንቱ የመስታወት ነጋቲቭ ቀይና ቡናማ ብርሃን አያይም ነበር፤ የሚያየው ሰማያዊውን ነው። ቀላ ያለ ቆዳ ሁሉ ከእውነቱ ጠቁሮ፣ ነጠብጣቡም ጎልቶ ይወጣል። የአውሮፓ ሰው ሳይቀር በራሱ ፎቶ ይደነግጥ ነበር። የሙኒኩ ፍራንዝ ሃንፍሽቴንግል በ1855 እ.ኤ.አ. በፓሪሱ ትልቅ ኤግዚቢሽን አንድን ሰው ሁለት ጊዜ፣ አንዱን እንዳለ ሌላውን አሳምሮ ሲያሳይ ሕዝቡ ጉድ አለ ይባላል። ከዚያ በኋላ እንዳለ መነሳት የሚፈልግ ጠፋ።

ይሄ ጥበብ ነው በአዲስ አበባ ፎቶ ቤቶች አድርጎ ወደ ክፍለ ሀገር የወረደው። ጨለማ ክፍል፣ በቀይ አምፖል፣ የኬሚካል ሳህን፣ የተንጠለጠለ ወረቀት። በጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ ጉንጭ በቀለም ማቅላት፣ የአንገት ሐብሉን ቢጫ ማድረግ። የእናቶቻችሁን የሠርግ ፎቶ አውጥታችሁ እዩ። ደግሞ «ፎቶ አሳጠብኩ» እንላለን እስካሁን! ውሃውና ኬሚካሉ ከቀረ ስንት ዘመኑ፣ ቃሉ ግን አልደረቀም።

ከእርሳሱ ቀጥሎ መቀሱ ይመጣል።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ የመስቀል ዕለት፣ ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ወረዱ። ክሱ ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል የሚል ነበር። ከማስረጃዎቹ መሃል ፎቶዎች ነበሩበት፤ ጥምጥም ጠምጥመው የሚያሳዩ፣ ከእጅ ወደ እጅ የዞሩ። የአገራችንን የፎቶ ታሪክ ያጠኑ ሰዎች ከእነዚያ ውስጥ የተቀጣጠለ፣ ማለትም የአንዱ ራስ በሌላው አካል ላይ ተገጥሞ ዳግም የተነሳ እንደነበረበት ጽፈዋል። ዘዴው የሚያስቸግር አይደለም፤ ሁለት ፎቶ በስለት ትቆርጣለህ፣ ታጣብቃለህ፣ መገጣጠሚያውን በብሩሽ ትሸፍናለህ፣ ከዚያ እንደገና በካሜራ ታነሳዋለህ። አዲሱ ነጋቲቭ ላይ ስፌቱ አይታይም።

ግን ለተማሪ የምለው ሌላ ነው። ኢያሱ ወደ ሐረርና ወደ ቆላው ሲወርዱ የአካባቢውን ልብስ መልበሳቸው የታወቀ ነገር ነው፤ እንግዳ ተቀባዮቻቸውን ማክበሪያ ነበር። ስለዚህ ምንም ያልተነካ፣ ምንም ያልተቀጠለ እውነተኛ ፎቶም ቢሆን «ይኸው ሃይማኖቱን ካደ» ተብሎ ሲሰጥ ሥራውን ይሠራል። መቀስ ሳይነካው። ዛሬ የሌላ አገር የተቃጠለ መንደር ፎቶ የእኛ ወረዳ ነው ተብሎ ሲለጠፍም እኮ ያው ነው። ፎቶው ያልተቀናበረ ሊሆን ይችላል። የተቀናበረው ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ነው። እኛ ጋ ደግሞ አንዲት የውሸት ፎቶ በአንድ ሌሊት ሰው ከሰው ልታጣላ እንደምትችል ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም። ለዚህ ነው ክፍሌ ውስጥ ኤዲት ማድረግና ኤዲት የተደረገን ማወቅ አንድ ላይ የሚሄዱት፤ ልጆቹ ጎግል ሌንስ ላይ ፎቶ አስገብተው የመጣበትን መፈለግ ክሮፕ ከማድረግ እኩል ይማሩታል።

ሌላው የአገር ቤት ምሳሌ ፎቶ ሳይሆን ፊልም ነው፣ ቶሎ ልለፈው። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ ሊወርዱ አንድ ሌሊት ሲቀር፣ ቴሌቪዥኑ የጆናታን ዲምብልቢን የወሎ ረሃብ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር እያቀያየረ አሳየ። የሚሞተው ሕፃን እውነት ነው። ኬኩም እውነት ነው። የኤዲተሩ ሥራ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ብቻ ነበር። ልክ ነበር አልነበረም ለሚለው ሌላ ቀን እንከራከር፤ ቅደም ተከተል ብቻውን ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ግን ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

አሁን የምነግራችሁ ደግሞ የሆነው ከኢትዮጵያ ውጭ ነው፣ ማታርን በቀጥታ የሚመለከተው ግን እሱ ነው።

ኮዳክ ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለማጠቢያ ቤቶች የመለኪያ ካርድ ይልክ ነበር። ካርዱ ላይ አንዲት ነጭ ሴት አለች። ሞዴሎቹ ይቀያየሩ ነበር፤ ስሙ ግን ከመጀመሪያዋ፣ ከድርጅቱ ሠራተኛ፣ ተወርሶ ሁሉም «ሸርሊ» ተባሉ። የላብ ሠራተኛው የሸርሊ ቆዳ ልክ ሆኖ ከወጣለት ማሽኑ ተስተካከለ ማለት ነው። ማሽኑ የተስተካከለው ለማን ነው? ለሸርሊ። ጥቁርና ነጭ ልጆች አንድ ላይ በተነሱበት የክፍል ፎቶ ነጮቹ ቁልጭ ብለው ሲወጡ ከጥቁሮቹ የሚታየው ዓይንና ጥርስ ብቻ ነበር። ሎርና ሮዝ የተባለች የካናዳ ተመራማሪ ይህን ጉዳይ ስታጠና የኮዳክን የቀድሞ ሠራተኞች ጠይቃለች። ፊልሙ ጥቁር ቀለማትን ለይቶ እንዲያሳይ ከገፋፉት መሃል የቸኮሌት ፋብሪካዎችና የእንጨት ዕቃ አምራቾች እንደነበሩ ነገሯት። ጥቁሩ ቸኮሌትና የወተት ቸኮሌቱ በማስታወቂያ ፎቶ ላይ አልለይ ብሎ፣ የአንዱ እንጨት ቀለም ከሌላው ጋር ተመሳስሎ አስቸግሯቸው። ነጭ፣ ጥቁርና እስያዊ ሴቶች አብረው ያሉበት ካርድ የመጣው በ1990ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ነው። ይሄን ክፍል ውስጥ ስናገር መጀመሪያ ይስቃሉ። ቸኮሌት! ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ይቆማል።

«ያ የፊልም ዘመን ነው፣ አልፏል» የሚል አይጠፋም። አልፏል፤ ግን ጨርሶ አይደለም። የስልክ ካሜራ ራሱን ሲያስተካክል ከፊቱ ያለው ነገር ሁሉ ተደባልቆ መካከለኛ ግራጫ ይሆናል ብሎ ይገምታል። የማታር ሰማይ በቀትር ምን እንደሚመስል የምታውቁ ታውቃላችሁ። ካሜራው ሰማዩን አይቶ «ኧረ በዛ» ይልና ብርሃኑን ይቀንሳል፤ ፊት ለፊት የቆመው ልጅ ጥላ ሆኖ ይቀራል። ጉግል በ2021 እ.ኤ.አ. ጥቁር ቆዳን በትክክል ለማሳየት ብሎ በፒክስል ስልኮቹ ላይ «ሪል ቶን» የሚል ሥራ አምጥቷል፤ እሰየው ነው። በተማሪዬ እጅ ያለው ግን ፒክስል አይደለም።

ኮምፒውተሩ እንዴት መጣ የሚለውን ለወጣቶቹ ባጭሩ። በ1957 እ.ኤ.አ. ራስል ኪርሽ የሚባል አሜሪካዊ የሦስት ወር ልጁን ፎቶ ወደ ኮምፒውተር አስገባ፤ 176 በ176 ነጥብ ብቻ፣ የመጀመሪያው ዲጂታል ፎቶ የሚባለው ያ ነው። በ1987 ቶማስ ኖል የሚባል የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጥቁርና ነጭ ምስል በስክሪን የሚያሳይ ፕሮግራም ጻፈ፤ ከወንድሙ ከጆን ጋር አሳደጉት፣ በ1990 አዶቤ ፎቶሾፕ ብሎ አወጣው። በ1994 ሌየር ገባ። በ2002 «ሂሊንግ ብራሽ» መጣ፤ ይቺን ስም ያዙልኝ። ገንዘብ ለሌለው ደግሞ በ1996 በርክሌይ ላይ ሁለት ተማሪዎች ጊምፕን በነፃ ለቀቁ። ስናፕሲድ በ2012 መጨረሻ በጉግል እጅ ገብቶ ለአንድሮይድ ስልክ በነፃ መጣ። የአገራችን ወጣት በጣም የሚወደው ፒክስአርት ደግሞ በ2011 የተመሠረተው የት ነው ብትሉ፣ አርመን፣ የሬቫን ላይ። ከቦያጂያን እስከ ፒክስአርት፣ ፊታችን ከአርመን እጅ አልወጣም ማለት ነው። (ይሄ ቀልድ ነው፣ ኮሜንት ላይ እንዳትጣሉ።)

እኛ ጋ ፎቶሾፕ ሲገባ ፎቶ ቤቱ ሁሉ የሠርግ አልበም ላይ ፏፏቴ፣ ፓሪስና ልብ የከበበው ሙሽራ መሥራት ጀመረ። ጽሑፉ በፓወር ግዕዝ፤ ፋይሉን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቱት ፊደሉ ሁሉ ምልክት ሆኖ ይቀራል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፣ ግን ልማድ ቶሎ አይለቅም። ያንን ዘመን የሚናፍቅ አለ። እኔ አልናፍቅም።

በቃ፣ ወደ ማታር።

ሌየርን የማስረዳው በላስቲክ ነው። ወረቀት ላይ ሰው ስሉ፣ ላዩ ላይ ግልጽ ላስቲክ አንጥፉ፣ ላስቲኩ ላይ ኮፍያ ሳሉለት። ኮፍያው አላማረም? ላስቲኩን ጣሉት፣ ሰውየው እዚያው አለ። ይሄን ከገባቸው ግማሹ ትምህርት አለቀ። ዋናውን ፋይል አትንካ፣ በቅጂው ላይ ሥራ፤ ከሁሉ በፊት የምናስገባው ሕግ እሱ ነው።

ቀለምን የማስረዳው ደግሞ በከብት ነው። ምክንያት አለኝ። ኢቫንስ ፕሪቻርድ የሚባለው የእንግሊዝ አንትሮፖሎጂስት በ1940 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ስለ ኑዌሮች በጻፈው መጽሐፍ ላይ፣ ኑዌሮች ለከብት ቀለም ዋና ዋና አሥር ስም እንዳላቸው፣ እነዚያም ከነጭና ከእርስ በርሳቸው እየተቀላቀሉ በየዝንጉርጉርነታቸው ሌላ ብዙ ስም እንደሚወልዱ ዘርዝሯል። ነጩ ቦር ነው፣ ጥቁሩ ቻር ነው፣ ግራጫው፣ አሸዋማው፣ ቸኮሌታማው ሁሉ ለየብቻው ስም አለው። እኛም እኮ ዳልቻ፣ ዳማ፣ ቡላ፣ ቦቃ እንላለን፣ ከተሜው ረሳው እንጂ። እንግዲህ ይሄን ቋንቋ ይዞ ያደገ ልጅ «ጥቁር አንድ ቀለም ነው» ብትሉት አይሰማችሁም። ሂስቶግራም የሚባለውን ከ0 እስከ 255 ያለውን ግራፍ ከፍቼ «ከብቶቹ የት ተሰብስበዋል?» እላለሁ። በቀትር የተነሳ ፎቶ ላይ ሁሉም ግራ ጥግ ተጨናንቀው፣ ቀኝ ጥግ ደግሞ ሰማዩ ብቻውን ቆሞ ታገኙታላችሁ።

ብዙ አፕ ላይ ያለው «አውቶ» እና «ቢዩቲ» ግራ ጥግ ያሉትን ሁሉ ጅራፍ እያጮኸ ወደ ቀኝ ይነዳቸዋል። ፊቱ ይነጣል፣ አመዳም ይሆናል፣ ነጠብጣብ ያወጣል። ጥላው ውስጥ ካሜራው መጀመሪያውኑ የመዘገበው ነገር ጥቂት ስለሆነ ነው። ፋይሉ ውስጥ የሌለውን ከየት ያመጣዋል? ስለዚህ መፍትሔው ከኤዲቲንግ በፊት ነው። በጠዋት ወይም አመሻሽ አንሱ፤ ከዛፍ ጥላ ጫፍ ላይ አቁሙት፣ ፊቱን ወደ ብርሃን አዙሩት፤ ስክሪኑ ላይ ፊቱን በጣት ነክታችሁ ብርሃኑን እዚያ ላይ ለኩ። ከዚያ ኤዲት ስታደርጉ ብራይትነሱን ሳይሆን «ሻዶውስ» የሚለውን ጥቂት ከፍ፣ «ሃይላይትስ» የሚለውን ጥቂት ዝቅ። ጥቁር ቆዳ ውበቱ ግንባርና ጉንጭ ላይ በምትወርደው ብርሃን ነው፤ እሷን ካጠፋችኋት ፊቱ ጭቃ ይሆናል። ጥቁሩን ጥቁር ተዉት።

አሁን ያቺን ሦስተኛ ትእዛዝ እንያት። ፊቱን አጥራ።

ጋአር የሚባል ነገር አለ። (ሲጻፍ ከአማርኛው «ጋር» ጋር እንዳይምታታ ነው እንዲህ የጻፍኩት።) የኑዌር ወንድ ልጅ ለአካለ መጠን ሲደርስ ግንባሩ ላይ ከጆሮ እስከ ጆሮ የሚቀረጽ ስድስት መስመር ነው። ከዚያ በኋላ ልጅ አይባልም። ትምህርት ቤት ሲስፋፋ፣ ጦርነትና ስደትም ሲጨመርበት፣ ልማዱ እየቀነሰ መጣ፤ ሻሮን ሃቺንሰን በ1996 እ.ኤ.አ. ስለ ኑዌሮች ባሳተመችው መጽሐፍ ተምረው ጋአር ሳያደርጉ ስለ ቀሩ ወጣቶች በሰፊው ጽፋለች። ጥሩ ነው መጥፎ ነው የሚለው የእኔ ፍርድ አይደለም፤ ባለቤቶቹ እርስ በርስ ሲከራከሩበት የኖሩት ጉዳይ ነው። እኔ የማየው ይሄን ነው፦ ክፍሌ ውስጥ ብዙዎቹ ግንባራቸው ልሙጥ ነው፤ የአባቶቻቸውና የአያቶቻቸው ግን ስድስት መስመር አለው። ምናልባት ጋአር ያለው ፊት በቅርብ ዘመን በፎቶ ብቻ የሚታይ ይሆናል።

እንግዲህ አንድ ተማሪ የአባቱን ፎቶ ስልኩ ላይ ከፍቶ ቆዳ ማለስለሻውን ተጫነ። አፑ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ፊት ላይ ያለ ቀጭን መስመር መጨማደድ ነው፣ መጨማደድ ደግሞ ይጠፋል። በአንድ ሰከንድ ስድስቱም መስመር የለም። ሰውየው ወጣት ሆነ፣ ቆንጆ ሆነ፣ ያልተገረዘ ልጅ እንደማለት ሆነ። ክፍሉ ሳቀ። ልጁ አልሳቀም፤ «ቲቸር፣ መልሰው» አለኝ።

መለስነው። ከዚያ ስለ ሂሊንግ ብራሽ ተነጋገርን። ይቺ መሣሪያ የምትሠራው ከጎን ያለውን ንጹሕ ቆዳ ቀድታ፣ ቀለሙንና ብርሃኑን ከቦታው ጋር አመሳስላ በመለጠፍ ነው። ከቦያጂያን ዘመን እርሳስ የምትለየው ፍጥነቷ ነው እንጂ ሐሳቡ ያው ነው። እርሳሱ ግን በሰው እጅ ነበር፤ ባለሙያው ነጋቲቩ ላይ አጎንብሶ «ይሄ መስመር ምንድን ነው?» ብሎ ለመጠየቅ ጊዜ ነበረው። ሰውየውንም ያውቀዋል፣ ሂሳብ ሊከፍል ይመጣል፣ ካልወደደው ይመልስለታል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዋናው መለማመጃችን የቆየ ፎቶ ማደስ ሆኗል። በአማርኛ ቃሉ ራሱ ፈተና ነው፤ ወረቀቱ ላይ ያለውም ጭረት፣ ግንባሩ ላይ ያለውም ጭረት። የትኛው ይጠፋል፣ የትኛው ይቀራል? ልጆቹ ራሳቸው መለያ አወጡ። የወረቀት ጭረት ድንበር አያውቅም፤ ከሰማዩ ተነስቶ ፊቱን አቋርጦ ሸሚዙ ላይ ይወርዳል። ጋአር የግንባሩን ጎባጣ ተከትሎ ይሄዳል፣ ፊቱ ሲያልቅ ያልቃል። የወረቀት ጭረት ጥላ የለውም። ጋአር ከፍና ዝቅ ያለ ቆዳ ስለሆነ በአንድ ጎኑ ብርሃን፣ በሌላው ጎኑ ቀጭን ጥላ አለው። ፎቶውን አጉልታችሁ ስታዩት ይለያል። ሁለቱ የተቋረጡበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ብሩሹን አሳንሰው ነጥብ በነጥብ ነው የሚሠሩት። አንዲት ተማሪ አንዲት ጉርድ ፎቶ ላይ ሁለት ክፍለ ጊዜ ቆየች። ጎበዝ ናት፤ ከእኔ የተሻለ ዓይን አላት።

በኤአይ ፎቶ አጥርተን እናድሳለን የሚሉት አፖች ከዚህም ይብሳሉ። ቀድሞ የነበረው ማለስለሻ ያጠፋል፤ እነዚህ ይፈጥራሉ። የደበዘዘ ፊት ስትሰጧቸው ከተማሩበት ከብዙ ሺህ ሌላ ፊት ገምተው አዲስ ዓይን፣ አዲስ አፍንጫ ይሠሩላችኋል። ቁልጭ ያለ ነው፣ ያምራል፣ አያታችሁ ግን አይደለም።

መለማመጃ ፎቶ ከየት እናመጣለን? አንዱ ምንጭ ያው ኢቫንስ ፕሪቻርድ ነው። ከ1930 እስከ 1936 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት ኑዌሮች ዘንድ ተመላልሷል፤ ከእኛ ወንዙን ወርዶ ባለው በናስር አካባቢ፣ ጂካኝ ኑዌሮች ዘንድም ቆይቷል። ያን ጊዜ እዚህ መንገዱ ወንዙ ነበር። ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት መሠረት ጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ሆና፣ በክረምት ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት ጀልባ ከካርቱም በናስር በኩል ሽቅብ ይመጣ ነበር፤ ቡናው በዚያው ይወርዳል። አዲስ አበባ ላይ ቦያጂያኖች ልዑላኑን ሲያነሱ፣ የዚህ አገር ሰው የተነሳው በአብዛኛው ከታች በመጣ እንግሊዛዊ ካሜራ ነው። የኢቫንስ ፕሪቻርድ ፎቶዎች ዛሬ ኦክስፎርድ ፒት ሪቨርስ ሙዚየም ናቸው፤ ሙዚየሙ የደቡብ ሱዳን ስብስቡን ኢንተርኔት ላይ አውጥቶታል። ኔትወርክ ባለ ቀን አወርዳቸዋለሁ፣ በፍላሽ አዞራቸዋለሁ።

ሌላው ምንጭ፣ ለእኔ የሚበልጠው፣ የቤት ሳጥን ነው። ጎርፍ ያልወሰደው፣ ምስጥ ያልበላው፣ በስደት ጊዜ በላስቲክ ተጠቅልሎ ባሮን የተሻገረ። የመታወቂያ ጉርድ ፎቶ፣ ከጋምቤላ ፎቶ ቤት የተነሳ ቤተሰብ፣ የወታደር ልብስ የለበሰ አጎት። እሱን ነው የምለምናችሁ። ጋምቤላ፣ ኢታንግ፣ ላሬ፣ ጅካዎ፣ አኮቦ፣ ወይም ከዚያ ወጥታችሁ አዲስ አበባ፣ ናይሮቢ፣ ሚኒሶታ ያላችሁ፣ የቆየ ፎቶ ካላችሁ ለልጆቹ መለማመጃ ላኩልኝ። ዋናውን አትላኩ፣ በስልክ አንሱት። ፍላሽ አጥፉ፣ መስኮት አጠገብ ወይም በረንዳ ጥላ ውስጥ አድርጉት፣ ስልኩን ከላዩ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ እፍ እፍ አድርጉ እንጂ በእርጥብ ጨርቅ አትጥረጉት፣ ቀለሙ ይነሳል። ጀርባውንም አንሱት፤ ስም፣ ቀን፣ የፎቶ ቤቱ ማህተም እዚያ ነው ያለው። በቴሌግራም ስትልኩ ደግሞ እንደ ፎቶ ሳይሆን «ፋይል» ብላችሁ ላኩ፤ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ይጨመቅና የግንባሩ መስመር ከመንገድ ይቀራል።